በሩን የሚዘጋው ማን ነው?

ካራት የኮንሶ ዞን ከተማ ናት። ከአርባ ምንጭ ወደ ጂንካ የሚያልፍ የጎብኚ መኪና ሁሉ እዚህ ይቆማል፤ ነዳጅ ይሞላል፣ ምሳ ይበላል፣ አንድ መንደር ያያል፣ ይሄዳል። ከዚህ በታች የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች በዚሁ መንገድ እንጀራቸውን የሚበሉ ናቸው። አንዱ የመንዝ ተወላጅ ሆኖ ጎብኚ በማመላለስ ያረጀ ሾፌር ነው። ሌላዋ እዚያው ኮንሶ ተወልዳ ያደገች አስጎብኚ ናት። ሰዎቹን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ ቦታዎቹና ሥርዓቶቹ ግን ያሉ ናቸው፤ ክርክሩም በየምሳ ቤቱ የሚሰማ ነው።

ሾፌሩ፦ ልጄ፣ ዛሬስ እንግዶቼን ያዝሽብኝ። በሁለት ሰዓት ጨርሰን እንወጣለን ተባብለን ነበር፤ ይኸው ምሳ ሰዓት ሆነ። ጂንካ ለመድረስ ገና ወይጦን ወርደን ቀይ አፈርን መውጣት አለብን። ነገ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ወደ ሙርሲ ነን።

አስጎብኚዋ፦ እኔ አልያዝኳቸውም፣ ጋሼ። የወንዶች የጋራ ቤት በሆነው ሞራ ሥር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። እንግዶቹ ስለ ድንጋዩ ካብ ጠየቁ፣ ሽማግሌዎቹ መለሱ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ በተራቸው፣ “እኛ ዘንድ የአባቱን መሬት የሚወርሰው በኩሩ ነው፤ እናንተ አገርስ?” አሏቸው። እንግዶቹ እርስ በርሳቸው መከራከር ጀመሩ። ጨዋታው እንዲህ ሲደራ “ሰዓት ደረሰ፣ ተነሡ” ልበላቸው?

ሾፌሩ፦ ጨዋታውማ መልካም ነው። ፕሮግራሙን ግን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ገና አገራቸው ሳሉ ተሽጦላቸው ነው የመጡት። ዶርዜ፣ ኮንሶ፣ ሙርሲ፣ ሐመር፣ ካሮ፣ ዳሰነች ተብሎ በየቀኑ ተደልድሏል። አንዱ ከተጓተተ ሌላው ይቀራል። የቀረ እንደሆነ ደግሞ “ላላየነው ነገር ከፈልን” ብለው ድርጅቱን ይከሳሉ፤ ድርጅቱ ወደ እኔ ይዞራል።

አስጎብኚዋ፦ እርስዎን አልወቅስም። ሽማግሌዎቹም ከሾፌሮቹ ሁሉ “ያ ሰው ደኅና ነው ወይ?” ብለው የሚጠይቁት ስለ እርስዎ ነው። ግን ያሉትን ነገር እንመልከተው። ኮንሶ ሁለት ሰዓት ይበቃታል ብሎ የቆረጠው ኮንሶን ረግጦ የማያውቅ ሰው ነው። ይህ እርከን የሃያ አንድ ትውልድ ሥራ ነው፤ ከአራት መቶ ዓመት በላይ። ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ካቡ አንዳንድ ቦታ እስከ አምስት ሜትር ይደርሳል። ዝናብ ሲያፈርሰው መልሶ የሚክበው ገበሬው ከነጎረቤቱ ነው፤ ያንን ቀን የሚቆጥርለት የለም። ይህ ገበሬ እንግዳ በስንት ሰዓት ቢመጣ፣ የትኛው ግቢ ቢገባ፣ ምን ያህል ቢቆይ እንደሚሻለው የጠየቀው አለ ብለው ያስባሉ?

ሾፌሩ፦ አይመስለኝም። ግን መግቢያ ይከፈላል፤ ለአንቺም ይከፈላል፤ ጋቢና የእንጨት ቅርጽ ይገዛል፤ ጠላ ይጠጣል። ይህ መንገድ ጎብኚ ባያይ ኖሮ አንቺ ዛሬ የት ነበርሽ? ምናልባት አዲስ አበባ ሰው ቤት፣ ምናልባት ዓረብ አገር። እኔ ጥቅም የምለው ይህን ነው።

አስጎብኚዋ፦ ጥቅም ነው፣ አልክድም። የታናሽ ወንድሜን የትምህርት ወጪ የምሸፍነው በዚሁ ነው። እኔ የምለው፣ ጥቅሙን በብር ብቻ ስንለካው ዋናው ነገር ያመልጠናል ነው። አንድ መንደር ከጎብኚ ምን ያህል አገኘ ከሚለው በፊት፣ ያ መንደር “ዛሬ አይሆንም” ማለት ይችላል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ሐዘን ያለበት ቀን ይኖራል። ሴቶች ብቻቸውን የሚሆኑበት ሥርዓት ይኖራል። የጎሣው መሪ ፖቃላው የሚጠብቀው፣ እንግዳ ሊረግጠው የማይገባ ደን አለ። እንደዚያ ባለ ቀን መኪናው ሲመጣ የሚመልሰው ከሌለ፣ ብሩ ቢበዛም ቤቱ የባለቤቱ አይደለም።

ሾፌሩ፦ መኪና መልሰሽ ከሰደድሽ ሁለተኛ አይመጣም። እኔ ነኝ የማውቀው፤ ድርጅቱ ሌላ መንደር ይፈልጋል።

አስጎብኚዋ፦ ይፈልግ። ግን እርስዎ ነገ ወደሚሄዱበት ልውሰድዎት። ሙርሲ መንደር ስትደርሱ የሚሆነውን ይንገሩኝ። እኔ የሰማሁት ነው፤ እርስዎ ግን ያዩት ነው።

ሾፌሩ፦ ምን ልንገርሽ። ከጂንካ በሌሊት እንነሣለን። የማጎ ፓርክ መግቢያ ይከፈላል፣ ስካውት ይጫናል፣ መንደር ሲደረስ የመንደሩ ይከፈላል። ከዚያ ፎቶ ነው። በየፎቶው ነው የሚከፈለው፤ ካሜራው ጠቅ ባለ ቁጥር ይቆጥራሉ። ዋጋው ሁለት ብር የነበረበትን ጊዜ አስታውሳለሁ። ሴቶቹ የከንፈር ሸክላቸውን አድርገው፣ ራሳቸው ላይ ቀንዱንም ቅርጫቱንም፣ ያገኙትን ሁሉ ጭነው ይሰለፋሉ። እንግዳው አንዷን ይመርጣል፤ ያልተመረጡት ክንዱን ይይዙታል። ብዙም ሳይቆዩ እንግዶቹ ተናደው መኪና ውስጥ ይገባሉ። “እነዚህ ሰዎች ገንዘብ ብቻ ነው የሚያስቡት” ይሉኛል። እኔም ዝም ብዬ መኪናውን አስነሣለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከመንገዴ ሁሉ ሆዴን የሚከብደው ያ ጠዋት ነው። ሁለቱም ወገን ተቀያይሞ ነው የሚለያየው።

አስጎብኚዋ፦ ሸክላው እኮ የራሱ ወግ አለው። ሴቲቱ ለወንዶች ምግብ ስታቀርብ፣ ላም ስታልብ፣ ሠርግ ወይም ጭፈራ ሲሆን ታደርገዋለች። ከሴቶችና ከልጆች ጋር ብቻ ስትሆን ታወልቀዋለች። የእመቤትነት ክብር ያለበት ጌጥ ነው። አሁን ግን የመኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር ይደረጋል። ዴቪድ ተርተን የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ሰብ ተመራማሪ፣ በፈረንጅ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሙርሲዎች ዘንድ እየተመላለሰ ያጠና ሰው ነው፤ በፈረንጅ 2004 ይህንኑ የፎቶ ነገር አንስቶ ጽፏል። ጎብኚውም ሙርሲውም ምን ያህል ሳይመቻቸው እንደሚገናኙ ያሳያል። እርስዎ “ተቀያይሞ ይለያያል” ያሉት ማለት ነው።

ሾፌሩ፦ አንድ ነገር ግን ልቃወምሽ። ከተማ ያሉ ሰዎች ይህን ሲያወሩ ሙርሲውን ምስኪን፣ ሌላው ሰው እንደፈለገ የሚያዞረው አድርገው ነው። እኔ እንደዚያ አላየሁም። ዋጋ ይቆርጣሉ፣ ይከራከራሉ፣ የሰጠሻቸውን ብር አገላብጠው አይተው የተቀደደ ከሆነ ይመልሱልሻል። ጌጡን የሚያበዙት ፈረንጁ ምን ሊያይ እንደመጣ ስለገባቸው ነው። ፈረንጁ እንዲያስፈሩት ይፈልጋል፤ እነሱም ያስፈሩታል። ይህ ብልህነት ነው።

አስጎብኚዋ፦ በዚህ እስማማለሁ። ብልህነታቸውን የሚጠራጠር ሰው መንደራቸው አልሄደም። ችግሩ ግን ዋጋውን እንጂ የሚሸጠውን ነገር አለመምረጣቸው ነው። ስለ ከብታቸው ሊያወሩ ይችሉ ነበር፤ ሙርሲ ከብቱን በመልኩ እየለየ ስም ያወጣል፤ ስለ ቀለም የሚያውቁት ብቻ ለአንድ ቀን ወሬ ይበቃል። ያንን የሚገዛ የለም። የሚገዛው ከንፈር ነው። ደግሞስ ለምን እምቢ አላሉም ብለን እንጠይቅ። ኦሞ ወንዝ ሞልቶ ሲመለስ በተወው እርጥብ አፈር ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። ጊቤ ሦስት ግድብ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ውኃው ከተያዘ በኋላ የድሮው ሙላት ቀረ። ለስኳር ልማትም መሬት ተወሰደ። እንግዲህ ማሽላው የቀረበት ሰው፣ ሃያ መኪና ሲመጣበት “ዛሬ ፎቶ የለም፣ ዛሬ እናወራለን” ቢል ማታ ልጆቹ ምን ይበላሉ?

ሾፌሩ፦ ይሄ እንግዲህ ከእኔም ከአንቺም በላይ ነው።

አስጎብኚዋ፦ በላይ ነው፤ ግን ከጉዳዩ ውጭ አይደለም። ስለ ባህል ቱሪዝም የሚሰጡ ሥልጠናዎች ላይ ተቀምጫለሁ። እንግዳ አቀባበል ያስተምሩናል፤ ንጽሕና፣ እንግሊዝኛ፣ የደረሰኝ አሞላል። አንድም ቀን ስለ መሬት ሲነሣ አልሰማሁም። መሬቱና ውኃው በእጁ ያልሆነ ሕዝብ ከጎብኚ ጋር እኩል ሆኖ አይደራደርም። እምቢ ለማለት ጎተራ ውስጥ እህል መኖር አለበት።

ሾፌሩ፦ እህልና እምቢታ ካልሽ እኔም የአገሬን ላንሣልሽ። የመንዝ ልጅ ነኝ። ጓሳን ሰምተሻል?

አስጎብኚዋ፦ ቀይ ቀበሮ ያለበት ቦታ መሆኑን ብቻ።

ሾፌሩ፦ ቀበሮው የመጣው በኋላ ነው፤ ማለቴ ወሬው። እኛ የምናውቀው ሣሩን ነው። ጓሳ ሣር ነው፤ ወደ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ውርጫማ ደጋ፣ ከሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሜትር በላይ። በዚያ ሣር ጣሪያ ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ እረኛው ዝናብ የሚከላከልበት ገሳ ይሠራል። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ልጆች ቄሮ በሚባል የቆየ ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። አለቃ ይመረጣል። አለቃው ሕዝቡን ይዞ ጓሳው ተዘግቷል ካለ ተዘጋ ነው፤ ሦስት ዓመት፣ አምስት ዓመት ማንም አያጭድ፣ ማንም ከብት አያሰማራ። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል። ያኔ ያገሩ ሰው ማጭዱን ይዞ አንድ ላይ ይወጣል። ልጅ ሳለሁ አያቴ ስለዚያ ቀን ሲያወራ ዓመት በዓል የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

አስጎብኚዋ፦ ያ ሥርዓት ዛሬም አለ?

ሾፌሩ፦ እንደ ድሮው አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ቄሮው ፈረሰ፤ መሬቱ የመንግሥት ተባለ። ይጠፋል የተባለው ያኔ ነበር። ሕዝቡ ግን መልሶ በየገበሬ ማኅበሩ ተወካይ እየመረጠ ኮሚቴ አቋቋመ፤ መዝጋቱና መክፈቱ ቀጠለ። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬ ድረስ ያሉት በዚያ ነው። እንግዶች መምጣት የጀመሩት በእነሱ ነው። የማኅበረሰቡ የሆነ ሎጅ ተሠራ፤ አስጎብኚውም ጠባቂውም ያገሬው ልጅ ነው። እንግዳ ወስጄ አውቃለሁ። የትኛው ሸለቆ እንደሚገባ፣ የት ድንኳን እንደሚተከል የሚነግረን እዚያ ያለው ልጅ ነው፤ እኔ ሾፌሩ ቃል የለኝም።

አስጎብኚዋ፦ እንግዲህ ሰሙት ወይ የተናገሩትን? ጎብኚ ሳይኖር ጀምሮ በሩን የሚዘጋ ሕዝብ ነበር። ጎብኚው ሲመጣ የተዘጋ በርና የሚከፍት ባለቤት አገኘ። ሙርሲ ዘንድ ግን መኪናው የደረሰው ባለቤቱ በሩን እየተነጠቀ ባለበት ሰዓት ነው። ልዩነቱ የባህል ወይም የሥልጣኔ ሳይሆን የሥልጣን ነው።

ሾፌሩ፦ አባባልሽ ደስ ይላል፤ ግን ጓሳ ላይ የሚመጣው እንግዳ ጥቂት ነው፣ የሚከራከረውም የለም። ገንዘቡ ትልቅ ሲሆን፣ ሕዝቡም ትንሽ ሲሆን፣ ማን ነው የሚሰማው?

አስጎብኚዋ፦ ቆይቶም ቢሆን የተሰማ አለ። አንዲት የአውስትራሊያ እንግዳ ስለ ኡሉሩ አጫወተችኝ፤ ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። በበረሃ መካከል ብቻውን የቆመ ቀይ ተራራ ነው፤ አናንጉ ለሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ሕጋቸውም እምነታቸውም ያለበት ቦታ ነው። ጎብኚዎች ሰንሰለት ተተክሎላቸው እየወጡበት ፎቶ ይነሡ ነበር። አናንጉ አትውጡ እያሉ ለመኑ። ሲወጡ ወድቀውና ልባቸው ቆሞ የሞቱ ሰዎች ከሠላሳ በላይ ናቸው፤ እንግዳ መሬታቸው ላይ ሲሞት ደግሞ ኃላፊነቱና ሐዘኑ የእነሱ ነው።

ሾፌሩ፦ መንግሥትስ?

አስጎብኚዋ፦ በፈረንጅ 1985 መሬቱን መለሰላቸው። ነገር ግን መውጣቱ እንዲቀጥል፣ መሬቱንም መልሰው ለ99 ዓመት ለመንግሥት እንዲያከራዩ ግዴታ ገቡ። በእጅ ሰጥቶ በእግር መያዝ ነው። ከመግቢያው ገቢ ሩብ ያገኛሉ፤ ፓርኩን በሚመራው ቦርድ ውስጥ ቁጥራቸው ይበልጣል። ግን ሰንሰለቱ እዚያው ነበር። ምን አደረጉ? ተራራው ሥር “እባካችሁ አትውጡ” የሚል ጽሑፍ አቆሙ፤ እንግዳውን ይዘው በተራራው ዙሪያ እየሄዱ ታሪኩን ይነግሩት ጀመር። በየዓመቱ የሚወጣው ሰው ቁጥር እያነሰ፣ ከመቶ ጎብኚ ከሃያ በታች ሆነ። በፈረንጅ 2017 ቦርዱ እንዲዘጋ ወሰነ፤ ኦክቶበር 26 ቀን 2019 ተዘጋ። መሬቱ የተመለሰላቸው በዚያው ቀን፣ ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት ነበር።

ሾፌሩ፦ ሠላሳ አራት ዓመት።

አስጎብኚዋ፦ አዎ። ሊዘጋ ሲል ደግሞ “ሳያመልጠን” ብሎ የተሰለፈው ሰው ብዛት የሚያሳዝን ነበር። ግን ተዘጋ። እኔን የሚገርመኝ ሩቡ ገቢ ብዙ ዓመት ሲከፈላቸው መኖሩ ነው። ብሩ እየመጣ ክብሩ አልመጣም ነበር። የመጣው “አይሆንም” ያሉት ሲጸና ነው።

ሾፌሩ፦ እሺ፣ ይህን ተቀብያለሁ። አሁን ደግሞ እኔ የማይዋጥልኝን ላምጣ። “ማኅበረሰቡ ይወስን” ትያለሽ። ማኅበረሰብ ማን ነው? እኔ ያየሁት ኮሚቴ ሲመረጥ ሊቀ መንበሩ የአንዱ ትልቅ ቤት ልጅ ነው፣ ገንዘብ ያዡ አማቹ ነው። አንዳንድ ቦታ መግቢያው በቢሮ በኩል ይሰበሰብና ወደ መንደሩ ሲመለስ ማንም አያይም። ሴቶቹ ጠላውን ይጠምቃሉ፣ ግቢውን ይጠርጋሉ፤ ሲከፋፈል ግን አይጠሩም። ከከተማው ድርጅት ወደ መንደሩ አለቃ ከተሻገረ ለደኻዋ ምን ለውጥ አለው?

አስጎብኚዋ፦ ትክክል ነው። ይህን እኔም በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሴት አስጎብኚ ሆኜ ስጀምር ሞራ ውስጥ ስለ ወንዶች ጉዳይ የምታወራው ማን ናት ተብሎብኛል። ሞራ ያላገቡ ወንዶች የሚያድሩበት፣ ከተማዋን ከእሳትና ከአደጋ የሚጠብቁበት ቤት ነው፤ ተቃውሟቸው ሥር አልነበረውም አልልም። ተነጋገርን፤ ስለ እርከኑ፣ ስለ ግቢው፣ ስለ እህሉ እኔ ላስረዳ፣ የሞራውን የዕድሜ እርከን ሥርዓት አንድ ሽማግሌ ይንገር ተባባልን። አሁን እንደዚያ ነው የምንሠራው፤ ሽማግሌውም ይከፈለዋል። ይህ ስምምነት ከላይ የመጣ መመሪያ ቢሆን ኖሮ ሁለታችንም ቅር ብሎን እንቀር ነበር። በመንደር ውስጥ አድልዎ የለም የሚል ሰው መንደር አልኖረም። ልዩነቱ፣ አማቹን ገንዘብ ያዥ ያደረገውን ሰው ገበያ ላይ አግኝቼ ልጠይቀው እችላለሁ። አውሮፓ ያለውን ሻጭ የት አገኘዋለሁ?

ሾፌሩ፦ ሒሳቡ ግን በአደባባይ መነበብ አለበት።

አስጎብኚዋ፦ አለበት፤ በሕዝቡ ቋንቋ፣ ሴቶቹ ባሉበት፣ በየወሩ። እድሩ እንኳ የሚያደርገውን የቱሪዝም ማኅበር የማያደርግበት ምክንያት የለም።

ሾፌሩ፦ ይህን ስትይ መቄት ትዝ አለኝ። ድሮ በሰሜኑ መስመር ስሠራ እንግዶችን ከላሊበላ ወደዚያ አደርስ ነበር። መቋት ማርያም፣ ዋጅላ፣ አይና አምባ። ገደሉ አፋፍ ላይ ጥቂት ጎጆዎች ናቸው፤ ተስፋ በሚባል ፕሮጀክት የተጀመሩ። እንግዳው ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው በእግሩ ይሄዳል፣ ሻንጣው በአህያ። አህያ የሚነዳው፣ የሚያበስለው፣ ሌሊት የሚጠብቀው ገበሬው ነው፤ በተራ ነው፤ ያንዱ ቤት ብቻ እንዳይጠቀም። ዋጋው አንድ ነው፣ ምግቡም ማደሪያውም ገብቶበት፤ ስለዚህ መንገድ ላይ እጁን የሚዘረጋ ልጅ፣ “ፎቶ ስንት?” የሚል ሰው አታይም። እንግዶቼ ከዚያ ሲመለሱ ስለ ሰዎቹ ነበር የሚያወሩት። ካየሁት ሁሉ የተሻለው እሱ ነበር።

አስጎብኚዋ፦ አሁንስ?

ሾፌሩ፦ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ። ቀጥሎ ጦርነቱ፤ ላሊበላም ላስታም ስንት አየ። እንግዳ ጠፋ። እኔም ወደ ደቡብ የዞርኩት ለዚሁ ነው። ግን አንድ ነገር ላጫውትሽ። ላሊበላ ከተማ በጎብኚ ብቻ የሚተዳደረው ወጣት፣ ሆቴሉም፣ አስጎብኚውም፣ ጫማ ጠራጊውም፣ አንድ ላይ ነው የወደቀው። መቄት ያለው ገበሬ ግን እርሻውን ትቶ አያውቅም ነበር። ጎጆው ባዶ ሲሆን ገብሱን ያርሳል። ተጎድቷል፤ ከጎብኚ ማጣት ይልቅ የጎዳው ግን ራሱ ጦርነቱ ነው።

አስጎብኚዋ፦ ስለ ጎተራ ያልኩት ይህንን ነው፣ ጋሼ። እንግዳ የሚጨምርልን እንጂ የሚያኖረን መሆን የለበትም። እኛም ጋ አንዳንድ ወጣት እርሻ ትቶ መንገድ ዳር መኪና ሲጠብቅ ይውላል፤ ካቡም ከዚያ ጀምሮ ነው መፍረስ የሚጀምረው። ካቡ ከፈረሰ ደግሞ ጎብኚው ምን ሊያይ ይመጣል?

ሾፌሩ፦ እንዲያው ስለሚሸጥና ስለማይሸጥ ነገር እያወራን ሳለ፣ ዛሬ ጠዋት ትንንሽ የእንጨት ዋካ ሲሸጡ አየሁ። ዋካ ግን የመቃብር ምልክት አይደለም እንዴ? ለእንግዳ መሸጡ አይከብድም?

አስጎብኚዋ፦ ዋናው ዋካ ለጀግና ነው የሚቆመው፤ ጠላት ወይም አንበሳ ለገደለ። ሚስቶቹ በግራ በቀኙ፣ የገደላቸውም አብረው ይቀረጻሉ። እነዚያ ከመቃብሩ እየተነቀሉ ተሰርቀዋል፤ በውጭ አገር የሥነ ጥበብ ገበያ የተሸጡ አሉ። የአንድ ሰው አያት ነው እኮ የተሸጠው። ከሌባ የተረፉት ተሰብስበው እዚህ ካራት ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ትንንሾቹን የሚቀርጹት ወጣቶች ግን ለሽያጭ ብለው የሠሩት ነው፤ ለማንም ሰው አልቆመም፣ ማንም አልተለቀሰበትም። እኔ ደስ ይለኛል። ይህ ለእናንተ፣ ያ ለእኛ ብሎ መለየት የቻለ ሰው በሩን ይዟል ማለት ነው። ዶርዜም እንደዚሁ ነው፤ ሽመናውን ያሳያሉ፣ ቆጮውን ያበላሉ፣ እንግዳ የሚያድርበት የቀርከሃ ቤት ለብቻ ሠርተዋል፤ የራሳቸውን ቤት ጓዳ ግን እንዳሻህ ግባ አይሉም።

ሾፌሩ፦ እንግዲህ ንገሪኝ። ነገ ጠዋት ሙርሲ መንደር ስደርስ ምን ላድርግ? ሕግ አውጪ አይደለሁም፣ ግድብ አልሠራሁም። አንድ መኪናና አምስት እንግዳ ነው ያለኝ።

አስጎብኚዋ፦ ዛሬ ማታ ጂንካ ስትደርሱ ከአካባቢው አስጎብኚዎች ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ቢቻል ሙርሲ የሆነ ልጅ ይያዙ። ቅድሚያ እሱ ሄዶ ሽማግሌዎቹን ይጠይቅ፤ እንግዶቹ ካሜራቸውን መኪና ውስጥ ትተው ጥላ ሥር ቢቀመጡ፣ ስለ ከብት ቢያወሩ፣ ለመንደሩ በአንድ ድምር ቢከፍሉ ይስማማሉ ወይ? ፎቶ ካስፈለገ በመጨረሻ፣ ከትውውቅ በኋላ። ሌሊት ተነሥቶ በጥድፊያ መድረስም ግዴታ አይደለም፤ ሰዎቹ ከብት አልበው እስኪጨርሱ ቢጠበቅስ?

ሾፌሩ፦ እንግዶቹ እሺ ሊሉ ይችላሉ፤ ዛሬ ሞራው ሥር ሲከራከሩ አይቻቸዋለሁ። ግን ሙርሲዎቹ ራሳቸው “አይ፣ እኛ የለመድነው በየፎቶው ነው፣ በድምር ሲሆን ገንዘቡ እጃችን አይገባም፣ አለቃው ይወስደዋል” ቢሉስ?

አስጎብኚዋ፦ እንደዚያ ካሉ በየፎቶው ይክፈሉ። ሴቶቹ እንደዚያ ቢሉ አይገርመኝም፤ ፎቶው ገንዘቡን በቀጥታ እጃቸው ላይ ያደርግላቸዋል፤ ቅድም እርስዎ ያነሡት የአማች ነገር እዚያም አይጠፋም። የእኔ ምኞት የእነሱን ውሳኔ አይተካም። ተጠይቀው ይመልሱ ነው የምለው።

ሾፌሩ፦ ይህ ሁሉ ግን ተጨማሪ ግማሽ ቀን ይበላል። ከፕሮግራሙ አንድ ቦታ መውጣት አለበት። ካሮን ልቀንስ ወይስ ዳሰነችን? ለድርጅቱ ስደውል ምክንያቱን ይጠይቁኛል።

አስጎብኚዋ፦ የሚቀረውን እኔና እርስዎ አንምረጥ። እንግዶቹ ምሳቸውን ጨርሰዋል፤ ሄደን እንንገራቸውና ይወስኑ። ለድርጅቱ ሲደውሉ ግን ስልኩን ለእኔም ያቀብሉኝ፤ ለሚቀጥለው ቡድን ኮንሶ ላይ የተጻፈችውን ሁለት ሰዓት ላነሣባቸው እፈልጋለሁ።